ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች በእሽቅድድም ትራክ ላይ፦ የመንገድ ሕግ የማይመልሰው የደህንነት ጥያቄ

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ በርካታ የመኪና እሽቅድድም ትራኮች ውድድር በሌለባቸው ቀናት ለአማተር አሽከርካሪዎች ክፍት ይሆናሉ። መንጃ ፈቃድ ያለውና የመመዝገቢያ ክፍያ የፈጸመ ሰው የግል መኪናውን ይዞ በመቅረብ፣ የመንገድ የፍጥነት ወሰን በማይሠራበት ስፍራ የማሽከርከር ዕድል ያገኛል። በእነዚህ መርሐ ግብሮች መግቢያ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም በተለምዶ ኮንቨርቲብል የሚባለው፣ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ወደ ትራኩ ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ነው። ባለንብረቱ መኪናው ሰሌዳና መድን ያለው፣ በመንገድ ላይ በሕግ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ያስረዳል። መርማሪው ደግሞ ይህን ሁሉ ተቀብሎ፣ መኪናው ቢገለበጥ የአሽከርካሪውን ራስ የሚጠብቀው ምንድን ነው ሲል ይጠይቃል።

ሁለቱም ወገኖች ከየራሳቸው ደንብ አንጻር ትክክል ናቸው። የመንገድ ሕግ አንድ መኪና በመንገድ ላይ ሊንቀሳቀስ መቻሉን ይወስናል፤ በትራክ ላይ ሲገለበጥ ስለሚሆነው ግን አይናገርም። ይህን ልዩነት ሳይረዱ ገንዘብ ከፍለው የሚመዘገቡ ሰዎች ከበር ይመለሳሉ፤ ከበር የሚመልሳቸው ባጡ ጊዜ ደግሞ ከፍ ላለ አደጋ ይጋለጣሉ። በቅርብ ዓመታት በሄልሜት ደረጃና በአውሮፓ የመድን ሕግ ላይ የተደረጉ ለውጦች ጉዳዩን ወቅታዊ ስላደረጉት፣ በውጭ አገር የሚኖሩም ሆኑ ለጊዜው የሚገኙ ዜጎች የደንቦቹን ምክንያትና አሠራር ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

የአማተር የትራክ መርሐ ግብር ምንነት

እነዚህ መርሐ ግብሮች ውድድር አይደሉም። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ሽልማትም አይሰጥም። በአሜሪካ አብዛኞቹ የሚዘጋጁት በመኪና ባለንብረቶች ክለቦችና በአማተር የሞተር ስፖርት ማኅበራት ሲሆን፣ ዋና ዓላማቸው የማሽከርከር ችሎታን ማሳደግ ነው። ጀማሪ አሽከርካሪ አሠልጣኝ አጠገቡ ተቀምጦ ያሽከረክራል። ተሳታፊዎች እንደ ልምዳቸው በቡድን ይከፈላሉ። ማለፍ የሚፈቀደው በተወሰኑ ቀጥተኛ ቦታዎች ላይና የፊተኛው አሽከርካሪ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው። በትራኩ ዙሪያ የሚቆሙ ሠራተኞችም ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ሌሎች ባንዲራዎችን በማሳየት አደጋ መኖሩን፣ መቆም እንደሚገባ ወይም ከትራኩ መውጣት እንደሚያስፈልግ ያስታውቃሉ።

መኪናው ወደ ትራኩ ከመግባቱ በፊት የቴክኒክ ምርመራ ይደረግለታል። ፍሬን፣ የፍሬን ዘይት፣ ጎማ፣ መሪ፣ የባትሪ ማሰሪያና የደህንነት ቀበቶ ይታያሉ። ጣሪያ ላለው መኪና ምርመራው በአብዛኛው በዚህ ያበቃል። ጣሪያው ለሚከፈት መኪና ግን ሌላ ምዕራፍ ይከተላል።

የመንገድ ሕግ ነፃ ያደረገው ጣሪያ

የዚህ ልዩ ምርመራ ምክንያት በአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የፌዴራል የሞተር ተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃ ቁጥር 216 እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የመኪና ጣሪያ በመገልበጥ ጊዜ ሊደርስበት የሚችለውን ጫና እንዲቋቋም ያስገድዳል። በመጀመሪያው ደንብ ጣሪያው የመኪናውን ባዶ ክብደት 1 ነጥብ 5 እጥፍ የሚያህል ኃይል መቋቋም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ማሻሻያ ከነጭነታቸው እስከ 2,722 ኪሎ ግራም ለሚመዝኑ ተሽከርካሪዎች መጠኑን ወደ 3 እጥፍ አሳድጎታል። በዚህ መሠረት ባዶ ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና፣ ጣሪያው 12 ነጥብ 7 ሴንቲ ሜትር ከመስመጡ በፊት 4,500 ኪሎ ግራም የሚያህል ጫና መሸከም ይኖርበታል።

ይህ ደረጃ ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖችን አይመለከትም። ከጨርቅ የተሠራ ወይም ታጥፎ የሚከተት ጣሪያ እንዲህ ያለውን ጫና ሊሸከም ስለማይችል፣ ሕጉ ተፈጻሚ ቢደረግባቸው መኪኖቹ ከገበያ በወጡ ነበር። በ1970ዎቹ የአሜሪካ አምራቾች ጥብቅ የመገልበጥ ደንብ ይመጣል በሚል ሥጋትና በገበያው መቀዛቀዝ ምክንያት እነዚህን መኪኖች ማምረት ወደ ማቆሙ ደርሰው ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. የ1976 ካዲላክ ኤልዶራዶን ለገበያ ያቀረበው የመጨረሻው አሜሪካ ሠራሽ ኮንቨርቲብል ነው በሚል ማስታወቂያ ነበር። የተፈራው ደንብ ግን ሳይመጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ክራይስለር ለባሮን የተባለውን ሞዴል ጣሪያው የሚከፈት አድርጎ ሲያቀርብ ገበያው ዳግም ተነቃቃ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ጣሪያው የሚከፈት መኪና በመንገድ ላይ ሕጋዊ የሆነው የጣሪያ ጥንካሬ ፈተናን ስላለፈ ሳይሆን፣ ከፈተናው ነፃ ስለተደረገ ነው። የክለቡ መርማሪ በሰሌዳና በመድን የማይረካውም በዚህ ምክንያት ነው።

አምራቾች ክፍተቱን በራሳቸው መንገድ ለመሙላት ጥረት ማድረጋቸው አይካድም። የፊት መስታወት ማቀፊያውን በጠንካራ ብረት መሥራት፣ ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ቋሚ ቅስት መትከል፣ አደጋ ሲቃረብ በራሱ የሚነሣ ቅስት መግጠም ከተወሰዱት እርምጃዎች መካከል ይጠቀሳሉ። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው የኤስ ኤል ሞዴል ላይ የገጠመው ቅስት፣ መኪናው ሊገለበጥ መሆኑን መሣሪያው ሲያውቅ በ0 ነጥብ 3 ሰከንድ ውስጥ ተነሥቶ ይቆማል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሥርዓቶች ከሞዴል ሞዴል፣ ከዓመት ዓመት የተለያዩ ናቸው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ከመቀመጫ ኋላ የሚታየው ቅስት ለጌጥ ብቻ የተሠራ፣ የመኪናውን ክብደት ሊሸከም የማይችል ነው።

ትራክ ከመንገድ የሚለይበት ምክንያት

በመንገድ ላይ ያለው መረጃ ኮንቨርቲብልን በጅምላ ለመኮነን አያበቃም። መቀመጫውን በአሜሪካ ያደረገው የአውራ ጎዳና ደህንነት የመድን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ አዳዲስ ኮንቨርቲብሎች በአጠቃላይ ከሌሎች መኪኖች የበለጠ አደገኛ ሆነው እንዳልተገኙ ያሳያል። ነገር ግን ያው ጥናት ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ግኝት አለው። በአደጋ ሕይወታቸው ካለፈ አሽከርካሪዎች መካከል ከመኪናው ተወርውረው የወጡት በኮንቨርቲብል 21 በመቶ፣ በሌሎች መኪኖች 17 በመቶ ናቸው። መኪናው በተገለበጠበት ጊዜ ቁጥሩ 43 በመቶ ለ35 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመገልበጥ አደጋ ላይ ነው።

በትራክ ላይ ደግሞ የመገልበጥን ዕድል የሚጨምሩ ነገሮች ይበዛሉ። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። የሚንቀሳቀስ መኪና ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ100 ወደ 140 ኪሎ ሜትር ያሳደገ አሽከርካሪ ፍጥነቱን በ40 በመቶ ብቻ ሲጨምር የመኪናው ጉልበት ግን ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ከትራኩ ዳር ያለው መሬት ነው። ከአስፋልት ወጥቶ በጎኑ የሚንሸራተት መኪና ጎማው ለስላሳ አፈር ወይም ጠጠር ውስጥ ሲቀበር በድንገት ስለሚያዝ በቀላሉ ይገለበጣል። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። አሽከርካሪው በአንድ ቀን ውስጥ ያንኑ ኩርባ በደርዘን ለሚቆጠር ጊዜ ያልፋል፤ ድካምም ሆነ የፍሬን መጋል የሚመጣው ሰውዬው ይበልጥ በራሱ በተማመነበት ሰዓት ነው።

የመጥረጊያ እንጨቱ መለኪያ

የአሜሪካ ክለቦች ለዚህ ሥጋት የሰጡት ምላሽ ሮል ባር የሚባለው መሣሪያ ነው። ሮል ባር ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ከመኪናው አካል ጋር ተያይዞ የሚቆም፣ በድጋፍ ብረቶች የተጠናከረ የብረት ቅስት ነው። መኪናው ሲገለበጥ ቅስቱና የፊት መስታወቱ ማቀፊያ በአንድነት የመኪናውን ክብደት ተሸክመው፣ በመካከላቸው ለተሳፋሪዎቹ ራስ የሚሆን ቦታ እንዲተርፍ ያደርጋሉ።

ቦታው በቂ መሆኑ የሚለካበት ዘዴ ቀላል ነው። አሽከርካሪው ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ቀበቶውን አስሮ በመቀመጫው ላይ ይቀመጣል። መርማሪው ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ብዙውን ጊዜ የመጥረጊያ እንጨት፣ ከቅስቱ ጫፍ እስከ ፊት መስታወቱ ማቀፊያ ጫፍ ድረስ ያጋድማል። ሄልሜቱ ከእንጨቱ በታች ከሆነ መኪናው ያልፋል፤ እንጨቱን የሚነካ ወይም የሚያልፍ ከሆነ አያልፍም። በእንጨቱና በሄልሜቱ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር የሚጠይቁ አዘጋጆችም አሉ።

ይህ መለኪያ የሚመዝነው መኪናውንና ሰውየውን በአንድነት ነው። ስለሆነም ያው መኪና አጭር አሽከርካሪ ሲቀመጥበት አልፎ፣ ረጅም አሽከርካሪ ሲቀመጥበት ሊወድቅ ይችላል። አሠልጣኙም በተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲሁ ይለካል። መለኪያውን ያላለፈ ሰው መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ፣ ከፍ ያለ ቅስት ማስተከል ወይም ጣሪያ ያለው መኪና ይዞ መምጣት ይኖርበታል። የጨርቁን ጣሪያ መዝጋት ግን መፍትሔ ሆኖ አይቆጠርም፤ ጨርቅ ክብደት አይሸከምምና።

በፋብሪካ የተገጠሙ ቅስቶችን በተመለከተ አዘጋጆች አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። አንዳንዶቹ አምራቹ ለመገልበጥ ጥበቃ መሥራቱን የገለጸባቸውን ሞዴሎች በዝርዝር ይዘው ይቀበላሉ። ሌሎች በራሱ የሚነሣው ቅስት ተደብቆ ባለበት ሁኔታ በእንጨት ሊለካ ስለማይችል አይቀበሉትም። እንደ መጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ያሉ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ምንም ቅስት ያልነበራቸው መኪኖች ደግሞ ሮል ባር ካልተጨመረላቸው በአብዛኛው ተቀባይነት አያገኙም። ስለዚህ በአንዱ ክለብ የተፈቀደ መኪና በሌላው ሊከለከል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ቀበቶ፣ ቅስትና ሄልሜት ተነጣጥለው አይታዩም

ብዙ ባለንብረቶች የሚሳሳቱት ደህንነትን በተናጠል በሚገዛ ዕቃ የሚጨምር አድርገው በመመልከታቸው ነው። ለምሳሌ ትከሻን በሁለት በኩል የሚይዘው ባለ ስድስት ማሰሪያ የእሽቅድድም ቀበቶ ከተለመደው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የተሻለ መስሎ ይታያል። ሆኖም ይህ ቀበቶ የሰውየውን አካል ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ከላይ የሚጫን ነገር ሲመጣ ወደ ጎን ዘንበል የማለት ዕድል አይሰጥም። በላዩ ጠንካራ ቅስት ከሌለ፣ ቀበቶው ሰውየውን ለጫናው አጋልጦ የሚያቆም ይሆናል። ከዚህም በላይ ትከሻው በጥብቅ ሲታሰር ራስ ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል በአንገት ላይ ስለሚያርፍ፣ ራስንና አንገትን የሚያያይዝ መከላከያ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት በርካታ ክለቦች ይህን ቀበቶ የሚፈቅዱት ከቅስት፣ ከተስማሚ መቀመጫና ከአንገት መከላከያ ጋር ሲሆን፣ ለአሽከርካሪው የተገጠመው ሁሉ ለአሠልጣኙም እንዲገጠም ያዛሉ።

ቅስቱም ቢሆን የራሱ ጉዳት አለው። መኪናው በአዘቦት ቀን በመንገድ ላይ ሲያገለግል ተሳፋሪዎቹ ሄልሜት አያደርጉም። በዚያን ጊዜ በቀላል ግጭት እንኳ ከራስ ጀርባ ያለው ባዶ ብረት ሊጎዳቸው ይችላል። ስለሆነም ቅስቱ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ስፖንጅ መሸፈን፣ ከራስ መደገፊያውም ራቅ ብሎ መተከል ይኖርበታል።

የሄልሜት ደረጃም የራሱ ታሪክ አለው። ስኔል የተባለው የአሜሪካ የሄልሜት መርማሪ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በ1956 በአማተር የመኪና ውድድር ላይ በራስ ጉዳት ሕይወቱ ካለፈው ዊልያም ፒት ስኔል ነው። ድርጅቱ ለመኪና ስፖርት የሚያወጣው ኤስ ኤ የተባለው ደረጃ እሳትን መቋቋምንና ከሮል ባር ጋር የመጋጨት ፈተናን ያካትታል። የሞተር ብስክሌት ሄልሜቶች የሚመዘኑበት ኤም የተባለው ደረጃ ግን እነዚህን አይጠይቅም። የመኪና ስፖርት ደረጃው በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ የ2025 ደረጃን ያሟሉ ሄልሜቶች እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ለገበያ ቀርበዋል። አዘጋጆች አዲስ ደረጃ ሲወጣ የቀደሙትን ቀስ በቀስ ስለሚሽሩ፣ ሄልሜት የሚገዛም ሆነ የሚዋስ ሰው በውስጡ የተለጠፈውን የደረጃ ዓመት መመልከት አለበት።

ጉዳት ሲደርስ ኃላፊነቱ የማን ነው

ከአካል ጉዳት ቀጥሎ ተሳታፊውን የሚያሠጋው የገንዘብ ኃላፊነት ነው። በአሜሪካ የተለመዱ የግል መኪና የመድን ውሎች ለእሽቅድድም በተዘጋጀ ስፍራ ላይ በውድድር፣ ለውድድር በሚደረግ ልምምድ ወይም ዝግጅት ወቅት ለሚደርስ ጉዳት ሽፋን አይሰጡም። አንዳንድ ኩባንያዎች ክልከላውን ለትምህርት ተብሎ ወደሚደረግ የትራክ ማሽከርከርም አስፍተውታል። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ውድድር አይደለም የሚለው መከራከሪያ ሁልጊዜ አያዋጣም። ለአንድ መርሐ ግብር ብቻ የሚገዛ የትራክ መድን በመኖሩ፣ ውሉን አንብቦ አስፈላጊ ከሆነ ይህንኑ መግዛት ይመረጣል።

ተሳታፊዎች በመግቢያው ላይ አዘጋጁን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ሰነድ ይፈርማሉ። ሰነዱ ግን ክርክርን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በጁን 2005 በካሊፎርኒያ ፎንታና በነበረው ትራክ ላይ አንድ መኪና ወደ ትራኩ ሲገባ፣ በፍጥነት ይመጣ የነበረና ጣሪያው የሚነሣ ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ከግንብ ጋር በመጋጨቱ አሽከርካሪውና ተሳፋሪው ሕይወታቸው አልፏል። የተሳፋሪው ቤተሰብ ክስ መሥርቶ፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2007 በ4 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በስምምነት አልቋል። አደጋው ከጣሪያ ጥንካሬ ጋር የተያያዘ ባይሆንም፣ የተፈረመ ሰነድ ለአዘጋጅም ሆነ ለአሽከርካሪ የተሟላ ከለላ እንዳልሆነ አሳይቷል።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 23 ቀን 2023 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው መመሪያ ቁጥር 2021/2118 ጉዳዩን በሌላ መንገድ አስተካክሎታል። መመሪያው በተከለለ ስፍራ ለሚካሄድ የሞተር ስፖርት እንቅስቃሴ፣ ሥልጠናንና ሙከራን ጨምሮ፣ የግዴታው የተሽከርካሪ መድን ተፈጻሚ እንዳይሆን ይፈቅዳል። ይህ የሚሆነው ግን አዘጋጁ ተመልካቾችን ጨምሮ ሦስተኛ ወገኖችን የሚሸፍን አማራጭ መድን ወይም ዋስትና ሲይዝ ነው። አማራጭ መድኑ የተሳታፊውን አካልና መኪና የመሸፈን ግዴታ የለበትም።

በጀርመን ኑርቡርግሪንግ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተውና 20 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሰሜናዊ ትራክ ደግሞ የተለየ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆነባቸው ሰዓታት እንደ አንድ አቅጣጫ የክፍያ መንገድ ስለሚቆጠር የአገሪቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፤ መሽቀዳደምና ሰዓት መለካት የተከለከሉ ናቸው። የአሜሪካ ክለቦች የሚያደርጉት የቅስት ምርመራ እዚህ ባለመኖሩ፣ ውሳኔው በአሽከርካሪው ላይ ይወድቃል። የመንገድ ዳር መከላከያ ብረት ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው የጥገናውንና መኪናውን የማንሻውን ወጪ እንዲከፍል ይጠየቃል። የተከራዩትን ተራ መኪና ይዞ መግባትም በአብዛኛው የኪራይ ውሉን ይጥሳል።

ዜጎች ከመመዝገባቸው በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥቶ በምዕራብ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት ትራክ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለሚኖሩትም ተመሳሳይ ስፍራዎች ሩቅ አይደሉም። ጣሪያው የሚከፈት መኪና ይዞ መሳተፍ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን እንዲያረጋግጥ ይመከራል።

1. አዘጋጁ ስለ ኮንቨርቲብል ያወጣው ደንብ ምን እንደሚል፣ የመኪናው ሞዴልና የምርት ዓመት ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ መጠየቅ፤

2. የመጥረጊያ እንጨት መለኪያውን ሄልሜት አጥልቆ በቤት ውስጥ አስቀድሞ መሞከር፤

3. ቅስት የሚያስተክል ከሆነ፣ ቅስቱ ለጌጥ ሳይሆን ክብደት ለመሸከም የተሠራ መሆኑንና በባለሙያ መተከሉን ማረጋገጥ፤

4. የሄልሜቱን የደረጃ ዓይነትና ዓመት ማየት፤

5. የመድን ውሉን ማንበብና የኩባንያውን ምላሽ በጽሑፍ መያዝ፤

6. የሚፈረመውን ሰነድ ሳያነቡ አለመፈረም፤ ቋንቋው የሚያስቸግር ከሆነ የሚያስረዳ ሰው መጠየቅ።

በኢትዮጵያ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ የተለጠፈለት ተሽከርካሪም ቢሆን ብቃቱ የተረጋገጠው ለመንገድ አገልግሎት ነው። ቦሎም ሆነ የውጭ አገር ሰሌዳ መኪናው ከተሠራበት ዓላማ ውጭ ለሚውልበት ስፍራ ማስረጃ አይሆንም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የመጥረጊያ እንጨቱ መለኪያ የሚፈጀው ደቂቃዎችን ብቻ ነው። መለኪያውን ባለማለፉ የተመለሰ አሽከርካሪ የሚያጣው የአንድ ቀን ክፍያና ደስታ ሲሆን፣ ጉድለቱን አስተካክሎ በሌላ ቀን ሊመለስ ይችላል። ሳይለካ የገባ ግን መኪናው በተገለበጠ ጊዜ ጉድለቱን የሚያስተካክልበት ዕድል አይኖረውም። በመሆኑም በመግቢያው ላይ የሚቀርበውን ጥያቄ እንደ እንግልት ሳይሆን፣ የመንገድ ሕግ ሳይመልሰው ያለፈውን ጥያቄ እንደሚመልስ አገልግሎት መመልከት ተገቢ ነው።